ጣት ከመንካቱ በፊት ይነበብ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስልክ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን የሚነካ ሰው በምን እንደተስማማ አውቆ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍሁ እኖራለሁ። ቀደም ሲል ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለን ነበር። የመሬት ክርክር፣ የቀለብ አቤቱታ፣ የጡረታ ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ፤ ይህን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በታይፕራይተር፣ አሁን ደግሞ በኮምፒውተር ጽፌአለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው የሚበዛው ወረቀት አይዝም። ስልኩን ያቀብለኝና «እስቲ ይህን ነገር እይልኝ» ይለኛል። እያየሁ ወደ ታች ስወርድ መጨረሻው ላይ የሚጠብቀኝ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «እስማማለሁ»። ያንን የሚነካው ጣት የማን እንደሆነና የጣቱ ባለቤት ምን እንዳወቀ ባለሥልጣኑ እንዲጠይቅ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ሌላ መሥሪያ ቤት ሳልመርጥ ወደ እናንተ የመጣሁት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ የማስፈጸሙ ኃላፊነት የተሰጠው ለእናንተ ስለሆነ ነው። አዋጁ ሰው ስለ ራሱ መረጃ ፈቃድ ሲጠየቅ ፈቃዱ በነጻነትና ነገሩን አውቆ የተሰጠ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ማንሣት እንደሚችልም ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሕጉ ከጣቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ማለትም እንደ እኔ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ምንም የሚታይ ነገር አለመኖሩ ነው።

ነገሩን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ አሉ። የልጅ ልጃቸው ከዓረብ አገር ስማርት ስልክ ልካላቸዋለች፤ ገንዘብ የምትልክላቸውም በዚያው በስልኩ ነው። መተግበሪያውን እንድከፍትላቸው መጡ። ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቋጠሮው ውስጥ ከአንድ የመቶ ብር ኖት ጋር አብሮ የተጠቀለለ ቁራጭ ወረቀት ወጣ።

«አራት ቁጥር ናት፤ ልንገርህ?» አሉኝ።

«አይንገሩኝ እማሆይ፤ የሚስጥር ቁጥር ለሰው አይነገርም» አልኋቸው።

«አንተማ ሰው አይደለህ፣ ጸሐፊ ነህ» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ በትሕትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጆሮውን ግን ማዞር አይችልም። በእኛ ከተማ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። እገታ የስንቱን ቤተሰብ እንቅልፍ በነሣበት በዚህ ዘመን የአንዲት አሮጊት ቀሪ ሒሳብ ከጆሮ ወደ ጆሮ መዞሩ ምን እንደሚያስከትል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለእናንተ ግን ላስረዳ ብዬ ነው።

ከዚያ የውሉ ጽሑፍ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ደቂቅ ነው፤ ወደ ታች ብገፋው ብገፋው አያልቅም። «ዝም ብለህ ንካልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ያልተነበበ ወረቀት ማስፈረም ልማዴ አይደለምና የተረዳሁትን ያህል በአማርኛ ነገርኋቸው። መተግበሪያው ያሉበትን ቦታ ማወቅ ይፈልጋል፤ ካሜራውን መክፈት ይፈልጋል፤ በስልኩ ውስጥ የተመዘገቡትን የሰዎች ስምና ቁጥርም ማየት ይፈልጋል። እማሆይ ስለ ቦታውና ስለ ካሜራው ግድ አልሰጣቸውም። በመጨረሻው ላይ ግን ቆም አሉ።

«ስሞቹን ምን ሊያደርጋቸው?»

«እዚህ ላይ አይናገርም» አልሁ።

«የእኔን ስም ይየው። የሰውን ስም ግን እኔ እንዴት አድርጌ እፈቅዳለሁ? የንስሐ አባቴ ቁጥር እኮ አለበት!»

ስለዚህ ጉዳይ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ብዙ ውይይት ሰምቻለሁ። የዚህን ጥያቄ ያህል የተሳለ ግን አልሰማሁም። ሰው ስለ ራሱ ይወስናል እንበል፤ በስልኩ ውስጥ ስላሉት ጎረቤቶቹ፣ ስለ እድሩ ዳኛ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ንስሐ አባቱ የሚወስነው ማን ነው? እማሆይ ለጥያቄያቸው መልስ የሚሰጥ ሰው አላገኙም። በመስታወቱ ላይ የነበረው ምርጫ መቀበል ወይም መውጣት ብቻ ነበር። የልጅ ልጃቸው ገንዘብ ደግሞ ከበሩ ማዶ ቆሟል። ተቀበሉ። ይህንን «በነጻነት የተሰጠ ፈቃድ» ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር ድርጅት ካለ፣ መዝገቡን ከፍታችሁ እንድታዩት እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ሕግ ልመለስ፤ የእንጀራዬ ነገር ነውና ታገሡኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 አንድ ታላቅ ነገር ደንግጓል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት ምልክት ወይም ፊርማ፣ ውል አዋዋይ ወይም የመዝገብ ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር ሰውየውን አያስገድደውም። ከእርሱ ቀደም ያለው ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል ይላል። በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በሌላ መንገድ እንደማይረጋገጥ ተጽፏል።

ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው አገሩን ስለሚያውቅ ነው። የእኔ ሙያ ሰዎች ሁሉ ደጋጎች አልነበሩም። ለማያነብ ገበሬ «የኪራይ ነው» ብለው የሽያጭ ውል ያስፈረሙ ጸሐፊዎች ታሪክ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ አለ፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም በዚያ ወረቀት ይካሰሳሉ። ስለዚህ ጣቱ ቀለም ከመንካቱ በፊት ሥልጣን ያለው ሰው በመካከል እንዲቆም ተደረገ። ከወገራና ከደንቢያ የሚመጡ ሽማግሌዎች የዚህን ሕግ ቁጥር አያውቁትም፤ መንፈሱን ግን አሳምረው ያውቁታል። ውሉን ካነበብሁላቸው በኋላ «ድገመው» ይላሉ። ከደገምሁት በኋላ ምስክሮቻቸውን ዘወር ብለው ያያሉ። ከዚያ ነው አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ የሚሰዱት፤ ከወረቀቱ ላይ ካነሡትም በኋላ ምልክቱን ጎንበስ ብለው ይመለከቱታል።

ዛሬ ያው አውራ ጣት መስታወት ይነካል። አንባቢ የለ፣ ምስክር የለ፣ «ድገመው» የሚባል ነገር የለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት የኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ደንግጓል፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማም የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1072/2010። ሁለቱም ጥሩ ሕጎች ናቸው። ነገር ግን የወረቀቱን ኃይል ወደ ስልኩ ስናሻግር የወረቀቱን ጥበቃ እዚያው ማዶ ትተነው ተሻገርን። በቁጥር 1728 የተጠበቀው ሰው አልሞተም። ስልክ ይዞ በፊቴ ተቀምጧል።

የስልክ ብድርን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር «ቴሌብር መላ» የተባለ ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ደንበኛው ምን ያህል ሊበደር እንደሚችል የሚወሰነው በስልኩና በሒሳቡ አጠቃቀም ታሪክ ነው። መያዣ የሌለው ሰው ብድር ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለጉልት ነጋዴዋ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ በር የከፈተ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ያልተቸገረ ሰው ነው።

ከአራዳ ወደ አዘዞ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን አንድ ማለዳ «ክስ ጻፍልኝ» ብሎ መጣ። ተከሳሹን ድርጅት አልጠራውም፤ ለጉዳዬም አያስፈልግም። ጎማ ሊቀይር በስልኩ ተበደረ። የመክፈያው ቀን አለፈ። ከዚያ አንድ ደንበኛው ለእህቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲያደርስለት ገንዘብ ወደ ሒሳቡ ላከለት፤ ገንዘቡ ገባ፣ ወዲያውም ዕዳው ተቆርጦ ሄደ። «የሰው አደራ ነው እኮ! ማንን ልጠይቅ?» ይላል። ውሉን ከስልኩ ላይ አወጣን። አንቀጹ አለ። ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ለዕዳ እንደሚቆረጥ በግልጽ ተጽፏል። ክስ የሚጻፍበት ነገር አጣሁ። ሹፌሩ ፊደል የቆጠረ ነው፣ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ነው፤ አንቀጹን ግን ያን ቀን ገና ማንበቡ ነበር።

እዚህ ላይ «አለማንበቡ የራሱ ጥፋት ነው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም በከፊል እስማማለሁ። ግን አስቡት። የእቁብ ዳኛ ዕጣ ሲያወጣ ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ሳይነዘንዝ አይፈርምም፤ «ለምንድን ነው ገንዘቡ? ባትከፍልስ? ሚስትህ ታውቃለች?» ይላል። ያናድዳል። ብዙ ወጣት የስልኩን ብድር የወደደው ከዚህ ንዝንዝ ስላዳነው ነው፤ አልፈርድበትም። ብቻ ያ ንዝንዝ የውሳኔው አካል ነበር። ሰው በንዝንዙ መካከል ሐሳቡን ይለውጣል፣ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ቆርጦ ይገባበታል። ስልኩ ይህን ጊዜ አጥፍቶታል። ገንዘቡ ሲመጣ ውሳኔው ገና አልተወለደም።

ሌላው ሥር እየሰደደ ያለ አስተሳሰብ ደግሞ ማሽኑ ከፈቀደ ተፈቅዷል የሚለው ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት እክል ሲገጥመው ሒሳባቸው ውስጥ ከነበራቸው በላይ ያወጡና ያዘዋወሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ብዙ ነበሩባቸው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። በዚያ ሰሞን በክፍሌ ውስጥ የነበረው ክርክር አይረሳኝም። ወጣቶቹ «ማሽኑ ሰጠ» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ያልዘራኸውን አጨድህ» ይላሉ። በዚህ ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። ማሽን ሰጪም ነሺም አይደለም፤ እጁን የዘረጋው ሰው ነው። ፎቶግራፉን በተመለከተ ግን ከሁለቱም ወገን እለያለሁ። ያ ተማሪ ዕዳውን ቢከፍልም ፊቱ ከበይነ መረብ ላይ አይወርድም፤ ሥራ ሲፈልግ፣ ትዳር ሲይዝ ይከተለዋል። በሕግ የሚጠየቅ ሰው በፍርድ ቤት ይጠየቅ። የአደባባይ ፎቶግራፍ የሚያስቀጣው ለስንት ዓመት እንደሆነ የወሰነ ዳኛ የለም።

ፊት ሲነሣ ፋይዳም ይነሣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ሕዝቡ እየተመዘገበ ነው፤ የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስና ፊት ይነሣሉ፣ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ጥቅሙን በቅርብ አይቻለሁ። የቀበሌ መታወቂያው ጠፍቶበት ወይም ተቃጥሎበት ማንነቱን ማስረዳት ያቃተው ስንቱ ተፈናቃይ ከዚህ በር ላይ አልቅሷል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት አይቀየርም። ስለዚህ አሻራ የሚቀበል ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ከሌላው መረጃ ሁሉ የበረታ ጥንቃቄ እንዲያደርግ፣ አንድ ነገር ቢያመልጠው ደግሞ ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነግረው መከታተል የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለ ምርጫ ስናገር የምርጫውን ስፋትም ማየት አለብን። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ የእኛ ባጃጅ ሹፌሮች መተግበሪያውን የጫኑት ወድደው አይደለም፤ ሳይጭኑ መሥራት ስለማይችሉ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ሰው መጀመሪያ ወደ ስልኩ እንዲገባ ተነገረው፣ ገና እንደገባ ስልኩ ጠፋበት። እኔ በዚያ ጊዜ ወደ ወረቀቴ ተመለስሁ። ካርቦን ፍለጋ አራዳን ዞርሁ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ይህን በመናገሬ አላፍርም። ለሰው ግን ጥሩ አልነበረም፤ የመጣለትን ገንዘብ ማውጣት ያልቻለ፣ የታመመ ዘመዱን ድምፅ እንጂ ፊቱን ማየት ያልቻለ ብዙ ነበር። ሌላ መንገድ ሳይተውለት ወደ አንድ መንገድ ብቻ የተነዳ ሰው ተስማምቷል አይባልም።

በዚህ መካከል ለባለሥልጣኑ ሳይሆን ለከተማዬ ሰው አንድ ነገር ልናገር። በበዓል ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለነዳያን ዳቦና ብር እየሰጡ በስልክ የሚቀርጹ ወጣቶች በዝተዋል። ሰጪው በግራ እጁ ስልክ ይዟል፣ በቀኙ ይሰጣል። ተቀባይዋ እናት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን «ቀና በይ እማዬ» የሚላት አለ። ዳቦውን ካልወሰደች ትራባለች፤ ከወሰደች ፊቷ በቲክቶክ ይዞራል፤ የሰፈሯ ልጆች፣ ምናልባትም ችግሯን የደበቀቻቸው የገዛ ልጆቿ ያዩታል። ለዚህ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተት ይበቃል። ስጦታችሁ ለሌላው ሰጪ ምሳሌ እንዲሆን ከሆነ ዳቦውን ቅረጹት።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ማመልከቻ ጸሐፊ ዳኝነት ሳይጠይቅ ደብዳቤ አይዘጋም።

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የቁጥር 1728 መንፈስ ወደ ስልክ እንዲሻገር ነው። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ደንበኛ በስልክ ለሚገባው ብድር፣ አሻራውን ወይም የስልክ ማውጫውን አሳልፎ ለሚሰጥበት ፈቃድ፣ ውሉን በሚገባው ቋንቋ ያነበበለትና ማንበቡን በስሙ የመሰከረ ሰው ይኑር። ይህ ሰው የባንኩ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ወይም የቀበሌ ሹም ሊሆን ይችላል። አንብቦ ሳይመሰክር የተነካ «እስማማለሁ» ደንበኛውን አያስገድደው። ድርጅቶቹ «ይህ ሥራ ያዘገያል» እንደሚሉ አውቃለሁ። አዎን፣ ያዘገያል። የሚዘገየው ግን የማያነበው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ መዘግየቱን ይፈልገዋል፤ «ድገመው» የሚል ሰው አይቸኩልም።

ለሚያነበውም ሰው ቢሆን ጽሑፉ በአገሩ ቋንቋ፣ አጥሮና ዋናው ነገር ፊት ተቀድሞ ይቅረብለት፤ ምን እንደሚወሰድበት፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ባይከፍል ምን እንደሚሆን። ስማርት ስልክ ለሌለው በነጻ ደውሎ በድምፅ የሚሰማው ይሁን። የአማርኛ የጥሪ ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ የሚያሰሙን ኩባንያዎች ድምፅ የሚቀዳ ሰው አያጡም። አገልግሎቱ የማያስፈልገውን ፈቃድ እምቢ ያለ ደንበኛም ከአገልግሎቱ አይባረር፤ ገንዘብ ለመቀበል የንስሐ አባት ስልክ ቁጥር አያስፈልግም።

ብድር የወሰደ ሰው ገንዘቡን ሳይነካ አጭር በሆነ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቢመልስ ያለ ክፍያ ውሉ ይፍረስለት። ይህን ከብሔራዊ ባንክ ጋር ሆናችሁ እንደምታዩት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግልባጭ ያደረግሁላቸውም ስለዚህ ነው። በስልክ ብድር የተከለከለ ወይም ገንዘቡ የተቆረጠበት ሰው ምክንያቱን የሚጠይቀው ሰውም በጎንደር ይኑር። አዲስ አበባ ደውሎ ሙዚቃ እየሰማ የሚጠብቀው መስመር አቤት ባይነትን አያረካም።

የሚቀጥለውን የሙያ ባልደረቦቼ አይወዱልኝም። በየከተማው የሰውን ስልክ እየተቀበልን የምንሠራ ጸሐፊዎች፣ የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የሞባይል ጥገና ቤቶች ሁሉ ደንብ ይውጣልን። የሰውን የሚስጥር ቁጥር በደብተር መዝግበው የሚይዙ አሉ፤ «ለደንበኛው ምቾት ነው» ይላሉ፤ ደንበኛው ቁጥሩን ሲረሳ ከደብተሩ ይነግሩታል። በቅንነት የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ደብተሩ ግን በአንድ ሌሊት ሌባ እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥር እንዳንይዝ፣ ማያ ገጹን ለሌላ ሰው እንዳናሳይ፣ ያነበብነውን እንዳናወጣ ቃል የምንገባበት አንድ ገጽ ይዘጋጅና በግድግዳችን ላይ ይለጠፍ፤ ስናፈርስም እንጠየቅበት። እኔ ገና ሳይመጣ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ደንበኞቼ ቁጥራቸውን ራሳቸው የሚነኩበት፣ ከተራ ጠባቂው የተከለለ ጠረጴዛ ማዘጋጀትም ያን ያህል ወጪ የለውም፤ አንድ ጣውላና መጋረጃ ነው።

«እንግዲህ አንተ ሥልጣኔን የምትጠላ ሰው ነህ» የሚለኝ ቢኖር፣ ከጭልጋ ወይም ከአርማጭሆ ጥሬ ገንዘብ በወገቡ ታጥቆ ወደ ከተማ ከመጣ ነጋዴ ጋር እንዲነጋገር እጋብዘዋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ገንዘብ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ስልኩ ስንቱን ከሞት እንዳዳነ እናውቃለን። የጠየቅሁትም ስልኩ እንዲቀር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ለማያነብ ገበሬ የተደረገለት ያህል በ2010ዎቹም እንዲደረግለት ነው።

ምላሽ የምትሰጡ ከሆነ በድረ ገጻችሁ ላይ ብቻ አታውጡት። በአማርኛ አትማችሁ በየቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በሬዲዮም ይነበብ፤ ለእማሆይ ደግሞ እኔው አነብላቸዋለሁ። ስለ ስሞቹ የጠየቁትን ጥያቄ መልስ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ብታደርጉት መልካም ነው፤ እርሳቸው ረጅም ደብዳቤ አይወዱም።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጎንደር ፒያሳ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር